ሰልፍና ቃሬዛ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። በጋቢው ቅር አላለኝም፤ አገራችን እስቴ ብርድ ነው፣ ይለበሳል። ያንገበገበኝ ከጋቢው ጋር የመጣው ንግግር ነው። መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ለዓመታት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተላከ አንድ ሰውዬ ማይክራፎን ጨብጦ፣ «መምህር አያሌው የስካውት ልጆችን አሠልጥነው ለወረዳችን እንግዳ አቀባበል ያበረከቱት አስተዋጽኦ ምንጊዜም አይረሳም» አለ። እንግዳ አቀባበል! ዕድሜዬን ሙሉ ስሟገተው የኖርኩትን ነገር ሙያዬ አድርጎ ሸለመኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ማይኩን ልቀማው ስል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «በማርያም፣ ዛሬን እንኳ ቻለው» ብላ አስቀመጠችኝ። ቻልኩት። ግን የዋጥኩት ነገር ከጉሮሮዬ አልወረደም፤ እዚህ ወረቀት ላይ ልተፋው ነው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ወገዳ ጀመርኩ፣ ንፋስ መውጫ ሠራሁ፣ መካነ ኢየሱስ ጨረስኩ። የደመወዙን ነገርና ለዝውውር ወረቀት ደጅ የጠናሁበትን ጊዜ አላወራም፤ መምህር የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ስካውቱ ግን ማንም ያላዘዘኝ ሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እሰበስባለሁ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ልብ የቱ ጋ እንዳለ እፈልጋለሁ፤ ካገኘሁት መንገዱን አሳየዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው ስካውት። ባንዲራ ማውለብለብና አንገት ላይ ጨርቅ ማሰር ሥራው አይደለም።

ወገዳ ስመደብ ጎረምሳ ነበርኩ። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሩጡ፣ ቁሙ፣ ተኙ ስል የምውል ጯሂ። ወገዳ ያለችበት ስማዳ ያኔ መንገዱ አሁን ካለውም የባሰ ነው፤ ክረምት ከገባ ከተማው ውስጥ የሚቀር ይቀራል፣ የሚወጣ በእግሩ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፌ ስጮህ አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጋሽ ተገኘ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረዋል፤ በንጉሡ ጊዜ ተማሪ ሳሉ ስካውት ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ፣ «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ፊሽካህን ኪስህ ክተት። ከብት ነው እንዴ የምትነዳው?» ተናደድኩ። ማንም እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፊሽካዬን ኪሴ ከትቼ መጣሁ።

የእሳቸው አሠራር እንዲህ ነው። ቤታቸው ያለውን አሮጌ ጀንዲ፣ የለፋ የበሬ ቆዳ፣ ሜዳ ላይ ያነጥፉና ያገኙትን ሁሉ ያፈሱበታል፤ ገመድ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ መርፌና ክር፣ የሸክላ አፈር፣ ፋሻ፣ ከሰል፣ ዋሽንት፣ የዛፍ ፍሬ። ልጆቹን «የፈለጋችሁትን አንሡ» ይላሉ፤ ከዚያ ራቅ ብለው ይቀመጡና መፋቂያ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ጥርሳቸውን ለመፋቅ እንዳይመስላችሁ። «ምላሴን የማስርበት ነው» ይሉኝ ነበር። ለእኔም አንድ ቆርጠው ሰጡኝ። «አንተማ ወፍራሙ ነው የሚያስፈልግህ!»

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ልጁን ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅ ክልክል። «ዶክተር ይልሃል። ምን ይበልህ? ሌላ ምን አይቶ ያውቃል?» ጎበዝ ማለትም ክልክል። ይሄ ነው የከበደኝ። ልጅ ጥሩ ነገር ሠርቶ ስታይ አፍህ ራሱ ይላል። ጋሽ ተገኘ ግን ዓይናቸውን ያፈጡብኛል። «ጎበዝ ካልከው ነገም ያንኑ ያመጣልሃል። ላንተ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ለራሱ የሚያደርገውን ነው ማየት የምፈልግ።» ደግሞም ልጁ መጀመሪያ ያነሣውን ነገር አይቆጥሩትም። መጀመሪያማ ጓደኛው ያነሣውን ነው የሚያነሣው። አንሥቶት፣ ሰልችቶት፣ ጥሎት ሄዶ፣ ሌላ ሞካክሮ፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ነገር ነው የሚጠብቁት። እሱን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። እኔ መፋቂያውን እያኘክሁ፣ ላቤ እየወረደ፣ ዝም ማለትን የተማርኩት እዚያ ጀንዲ አጠገብ ነው። አንድ የቄስ ልጅ ሦስት ጊዜ ጥሎት ሄዶ ሦስት ጊዜ ወደ ተሰበረው ራዲዮ ሲመለስ አየሁ። ዛሬ ወገዳ ገበያ ላይ የስማዳን ስልክ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ሥራውን ሲሠራ ፊቱን ብታዩት ትቀኑበታላችሁ።

ጋሽ ተገኘ ሲሞቱ እኔ ንፋስ መውጫ ተዛውሬ ነበር፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። አሠራራቸውን ግን ይዤ ሄጃለሁ። የራሴን ጀንዲ ገዝቼ ጀመርኩ።

ንፋስ መውጫ ላይ መልካሙ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ቁመቱ ዘንግ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ። ይህ ልጅ ጀንዲው ላይ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ ወይራ ፍሬ ነበር። ወይራ በዘር ማብቀል እንዴት ያለ ጣጣ መሰላችሁ! ፍሬው ድንጋይ ነው፤ ዝም ብለህ ብትቀብረው ተቀብሮ ይቀራል። መልካሙ ግን ሥጋውን ልጦ፣ ፍሬውን ጫፉ ላይ ብቻ ሰንጠቅ አድርጎ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን እየለወጠ፣ ሲበላሽበት እንደገና እየሞከረ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መደብ ሠርቶ አፈላው። ከተማውን የከበበው የጋይንት ተራራ ምን ያህል እንደተራቆተ ያየ ሰው የዚያን ልጅ ችግኝ ሲያይ እንባው ይመጣል። እኔ መጥቶብኝ ነበር፤ ጎበዝ ግን አላልኩትም።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ አየው። ችግኙን አይደለም፤ ቁመቱን! «ይሄ ልጅ ባንዲራ ይያዝ» አለ። ያ ሰውዬ ስካውት ማለት ዩኒፎርም ማለት የሚመስለው ነበር። ስብሰባ ካለ ስካውት ይሰለፍ፤ እንግዳ ከመጣ ስካውት ውኃ ያድል፤ የምረቃ ቀን ስካውት ወንበር ይጠብቅ። ያን ዓመት በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ጠፋ። መልካሙ ከሰልፉ ፊት ባንዲራ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ውኃ የሚያጠጣው ያጣው ችግኝ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ቢሮው ገብቼ ለመንኩት። «ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ ማጠጣት አለበት፣ ሌላ ልጅ ይያዝ» አልኩት። «መምህር አያሌው፣ ባንዲራና ችግኝ እኩል ነው እያልክ ነው?» አለኝ። እንዲህ ብሎ ሲጠይቅህ ምን ትመልሳለህ? ጠረጴዛውን ደበደብኩት፤ ጮህኩ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ልጁን ግን አላስጣልኩትም። ችግኙ አንድ ሳይቀር ደረቀ።

መልካሙ የደረቁትን ነቅሎ መደቡን በእግሩ ደመደመው። «ጋሼ፣ ስካውት ማለት መቆም ከሆነ እቤቴ ደጃፍም እቆማለሁ» አለኝና ሄደ። ሌላ ቀን አልተመለሰም። ወደ ቤቱ ብሄድ አናገረኝ፣ አከበረኝ፣ አብልቶም ሸኘኝ፤ ስለ ወይራ ሳነሣ ግን ፊቱን አዞረ። እስካሁን ድረስ ተራቁቶ የቆመ ኮረብታ ባየሁ ቁጥር የዚያ ልጅ መደብ ይታየኛል። አንድን ልጅ ከልቡ ጋር ለማገናኘት ዓመት ይፈጃል፤ ለማጣላት ግን ባንዲራ ማስያዝ ይበቃል። ይህንን ያደረገው ሰውዬ በኋላ እድገት አገኘ።

አገሬ መካነ ኢየሱስ ስመለስ በልቤ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ካሁን በኋላ ቅዳሜዬን የሚነካ ጉዱ ይፈላል። እዚህ ነው ዝናሽን ያገኘኋት።

ዝናሽ ከከተማው በታች ቁልቁለቱን ወርዶ ካለች መንደር እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል፤ ከእናቷ ከወይዘሮ የሺ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀጭን፣ ምላሷ ስለት። ጀንዲው ላይ መጀመሪያ ገመድ አነሣች፣ ጣለችው፣ መርፌ ሞከረች፣ ጣለችው፣ ወደ ገመዱ ተመለሰች። ገመድ ነው የምትወደው ብዬ ደምድሜ ቋጠሮ ላስተምራት ስነሣ የጋሽ ተገኘ ነገር ትዝ ብሎኝ መፋቂያዬን ነክሼ ተቀመጥኩ። እንኳን ተቀመጥኩ! በቀጣዩ ቅዳሜ አንዷን ጓደኛዋን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝታ ስታስራት አየኋት። ታስራለች፣ ትጠይቃለች። «እዚህ ጋ ይቆረቁርሻል? ትንፋሽሽን ሳቢ እስቲ። አሁንስ?» ልቧ ገመዱ ላይ አልነበረም፤ የሚታሰረው ሰው ላይ ነበር።

በኋላ ነው ምክንያቱን የነገረችኝ። እናቷ አስም አለባት። ሲነሣባት ከመንደሩ ዳገቱን አውጥቶ መኪና መንገድ ላይ የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። አገራችን ላይ ይህን የሚሠራው የቃሬዛ ማኅበር ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ በሽተኛውን በየተራ ተሸክመው ያወጣሉ። የእያንዳንዱ ቤት መዋጮ ትከሻ ነው። ከእነ ዝናሽ ቤት የሚወጣ ወንድ ስለሌለ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ቤቱ ከማኅበሩ ወጥቷል። ስለዚህ የሺ አንድ ቀን ቢብስባት ጥሩንባ አይነፋላትም። ልጅቱ ይህን እያወቀች ነው በየቀኑ ዳገቱን ወጥታ ትምህርት ቤት የምትውለው።

ቃሬዛ መሥራት ጀመርን። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ መካከሉ ከቆዳ የተተለተለ የጠፍር መረብ። ጠፍሩ ርጥብ ሳለ ነው የሚወጠረው፤ ሲደርቅ ራሱ ይከራል። በሽተኛው የሚታሰርበት ቋጠሮ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ደረት ላይ ሳይሆን ጎን ላይ ይውላል፤ ጉልበቱ ሥር ልብስ ይጠቀለላል። ዳገት ስትወጣ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ከፊት። ከሁሉም የሚከብደው ግን እግር ነው። አራት ሰው እኩል፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ብሎ ከረገጠ ቃሬዛው ይወዛወዛል፣ በሽተኛው ይናጣል። አንዱ ግራውን ሲያነሣ ሌላው ቀኙን ማንሣት አለበት። ሰልፍ የለመደ ልጅ ይህን ለመልመድ አበሳውን ያያል።

አስም ያለበት ሰው ደግሞ ተጋድሞ አይተነፍስም። ዝናሽ ከሳጥን ክዳን የጀርባ መደገፊያ ሠራች፤ በሽተኛው ገደም ብሎ እንዲቀመጥ ከአጣናው ጋር በሰያፍ አሰረችው። የመጀመሪያው ታማሚ እኔ ነበርኩ። «ጋሼ ከባድ ነዎት፤ እርስዎን ከቻለ እማዬን አያቅተውም» አለችኝ። ሜዳውን ዞረው ዞረው አንድ ጊዜ ጣሉኝ፤ ወገቤን ለሳምንት አመመኝ። ፋሻ ጠቅልላ እያሸችኝ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። «የታችኛው ቋጠሮ ነው የላላው» ብላ ተመልሳ ሠራችው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ዳኛ አያ ፈንታሁን ናቸው፤ ደረቅ፣ ቀጥተኛ ገበሬ።

«ዝናሽ ለቤቷ ትከሻ ልሁን እያለች ነው» አልኩ።

«ሴት ልጅ ቃሬዛ ሥር?» አሉ አያ ፈንታሁን። «ምን ጉድ ነው መምህር! ወንድ ጠፋ እንባል?»

«ከእኛ ቤት እኮ ጠፍቷል» አለች ዝናሽ። «አባቴን ተሸክመው ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አውጥቻለሁ። ስላወጣሁም ነው የምነግርሽ። ትከሻ ይላጣል፣ ልጄ።»

«የእኔ ጀርባ ከተላጠ ቆይቷል። ውኃ በማን ጀርባ ነው የሚመጣው?»

ከዳር ያሉት ሳቁ። አንዱ «ወይ አፍ!» አለ። አያ ፈንታሁን አልሳቁም። «ደንቡ ወንድ ይላል። እኔ አላወጣሁትም፣ አልሽረውም። ካስፈለገ ትዳርና ባሏ ይግባ» አሉ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። «ገና ተማሪ ናት! አንድ ትከሻ ለማግኘት ልጅ ይዳራል?» ብዬ ጮህኩ። ካህኑ መጥተው ገላገሉን። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናሽ አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። እናቷ ይህንኑ ማሰብ ጀምራለች። «ከሞትኩ ወዲያ ብቻሽን ከምትቀሪ፣ በቁሜም ሰው ከማጣ ልዳርሽ» ብላታለች። ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነበር፤ ወይ ዝናሽ ቃሬዛ ሥር ትገባለች፣ ወይ ደብተሯን ዘግታ ለአንድ ጎረምሳ ትዳራለች። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ልጅ ምን እንደምትወድ ስለታወቀ አይደለም፤ ያወቀችውን እንድታደርገው ስላልተፈቀደላት ነው።

ከዚያ ያ የተረገመ የእንግዳ ቀን መጣ። ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ጽሕፈት ቤቱ ስካውቶች ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር እንዲሰለፉ አዘዘ። አይሆንም አልኩ። «መምህር፣ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል እኮ» አለኝ ያው በኋላ ጋቢ ያለበሰኝ ሰውዬ። እኔን ዘሎ ርዕሰ መምህሯን አዘዘ፤ እሷም ፈርታ አሰለፈቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ ግራ ቀኝ ሲያስረግጧቸው ሰነበቱ። የእንግዳው ቀን ልጆቹ አዲስ ስካርፍ አስረው፣ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው፣ መኪና መንገዱ ዳር ቆሙ። እኔም ጥያቸው መሄድ አቅቶኝ አብሬ ቆምኩ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። የእነ ዝናሽ ጎረቤት ናት። «መምህር፣ የሺ ትንፋሿ አጥሯል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ለማን ልጩህ?» አለች። ዝናሽ ፊቴን አይታ ስልኩን ሳልዘጋ ባንዲራዋን ጥላ ቁልቁለቱን ወረደች።

«ከዕቃ ክፍል ቃሬዛውን አምጡ!» አልኩ። ሰልፉ ተበተነ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ፣ «ኧረ ምን እያደረጋችሁ ነው? እንግዶቹ ደርሰዋል! ከሰልፍ የሚወጣ ስካርፉን አውልቆ ይሂድ!» ብሎ ጮኸ። እያወለቁ ሰጡት። ሰውዬው ስካርፍ ታቅፎ መንገድ ዳር ቀረ።

ስንደርስ የሺ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ በአፏ አየር ትፈልጋለች። ቃሬዛው መሬት ሲነካ ዝናሽ ገመዱን አነሣች። መደገፊያው ላይ አስቀመጠቻት፣ ጎንና ጎኗን አሰረቻት፣ ደረቷን ነፃ ተወችው። አምቡላንስ ደውለን መንገዱ ጫፍ ላይ እንድትጠብቀን አደረግን፤ ከዚያ በታች መኪና አይወርድም።

የመኸር ጊዜ ስለነበር የመንደሩ ወንዶች አውድማ ላይ ናቸው። አያ ፈንታሁን መንሻቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩናል። «ሰው አይደላችሁም እንዴ?» አልኳቸው። «ዛሬ ያለ ደንብ ብንወጣ ነገ ማንም ለማኅበሩ አይገዛም፣ መምህር» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ጠንካራ አልነበረም። እኔ አፈር አንሥቼ ወደ አውድማው በተንኩ። ሽማግሌ ሰው፣ እንደ ሕፃን።

ዳገቱ ተጀመረ። ከፊት ዝናሽና አንዲት ልጅ፣ ከኋላ ሁለት ረጃጅም ልጆች፣ የቀሩት ለመለወጥ በጎን። ጥቂት እንደሄድን ቃሬዛው መናጥ ጀመረ። ልጆቹ ሳያውቁት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ይረግጣሉ! የሳምንት ሰልፍ እግራቸው ውስጥ ገብቷል። የሺ ታቃስታለች፣ በየንጠቱ ትንፋሿ ይቆረጣል። እኔ መጮህ ጀመርኩ፤ ጩኸቴ ራሱ ትእዛዝ ሆኖባቸው ይበልጥ እኩል ረገጡ። ያኔ ዝናሽ አንገቷን ሳታዞር፣ «ሰልፉን እርሱት!» ብላ ጮኸች። «ማንም ማንንም አይስማ! እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ድንጋይ እያያችሁ ርገጡ!» እግሮቹ ተዘበራረቁ፤ ቃሬዛው ረጋ። እስከ መንገዱ ድረስ የሰማሁት ኮቴና የየሺን ትንፋሽ ብቻ ነው። አምቡላንሷ ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሲያደርጉላት ከንፈሯ ቀላ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

ታዲያ ምስጋናው ምን መሰላችሁ? «ሥነ ሥርዓት በመጣሱ» ስካውቱ ለጊዜው ታገደ። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ተረከቡኝ፤ ጀንዲዬን የግሌ ነው ብዬ በግድ አስመለስኩ። ከወራት በኋላ ክበቡን ለሌላ መምህር ሰጡትና አዲስ ሥራውን ነገሩት፤ መስተንግዶ። እኔ ላይ ጋቢ የጣሉብኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ንግግሩን ስሰማ ለምን እንደነደድኩ ፍረዱ።

ከጡረታዬ በኋላ አንድ ቀን የሺን ለመጠየቅ ወረድኩ። ደህና ሆናለች፤ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። የልጇን መዳር ነገር ግን አሁንም አልተወችውም፤ ወደ እኔ ሳታይ «ለትዳር ጠያቂ መጥቷል» አለችኝ። ዝናሽ ሰምታ እንዳልሰማች ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። እዚያው ሳለን አያ ፈንታሁን መጡ። አልተቀመጡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ትናንት ጥሩንባ ተነፍቷል» አሉ። «እግሩ የተሰበረ ልጅ ስናወጣ ውለናል። ከዚህ ቤት ሰው አልመጣም።»

የሺ ባቄላውን ከጭኗ ጣለች። «አያ፣ እኛ እኮ…»

«ቅጣት አለባችሁ። አንድ ጠፍር፤ እስከ እሑድ ይቅረብ።»

ብድግ አልኩ። «አሁንስ በዛ! አናስገባም ብላችሁ፣ ሴትዮዋ ስትሞት አውድማ ላይ ቆማችሁ፣ ደግሞ ቅጣት? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» እያልኩ ወደ ሰውዬው ስጠጋ ዝናሽ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ዝም ይበሉ» አለችኝ። «የሚቀጣው እኮ አባል ነው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አያ ፈንታሁን እኔን ትተው እሷን ያያሉ።

«ጥሩንባው ትምህርት ቤት ድረስ አይሰማም» አለቻቸው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አልቀጣም!»

«ቅሬታ ካለሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተሽ ማኅበሩ ፊት ቆመሽ ተናገሪ።»

«እመጣለሁ!»

«ነይ» አሉና ዱላቸውን ነቅለው ሄዱ። አጥሩን ሳያልፉ የሺ ተነሥታ እልል አለች። በቅጣት እልል የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። መሐል ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ትስላለች፣ እንደገና እልል ትላለች። ዝናሽ «ቀስ፣ እማዬ! ቀስ!» እያለች ሮጣ ጀርባዋን ደገፈቻት፤ እልልታው ግን አላቆመም።